ታንኳ የሚያድርበት መሬት

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር በር ጉዳይ ሲነሳ የሁሉም ዓይን ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ገላንን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና አዳማን አቋርጦ ወደ ጂቡቲ በሚወርደው መንገድ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሌት ተቀን ይመላለሳል። እዚያው መንገድ ላይ፣ ቢሾፍቱ፣ ወደብ የሌላት ሀገር የባሕርና የሎጂስቲክስ ባለሙያ የምታሠለጥንበት የባቦጋያ አካዳሚ አለ። በ1955 የተመሠረተው ባሕር ኃይል በ1991 ወደቡን አጣ፤ በ1996 ፈረሰ፤ በ2018 እንደገና ይቋቋማል ተባለ። በጥር 2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሳው አቧራ ደግሞ የማንም ትዝታ ነው። ክርክሩ ሁሉ ስለ ውኃ ነው፤ የማን ውኃ፣ በየት በኩል፣ በስንት ኪራይ።

ጀልባ ግን በውኃ ብቻ አይኖርም። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው፣ በየትኛውም የዓለም ዳርቻ ቢሆን፣ ከመቅዘፉ በፊት የሚያስበው አንድ ነገር አለ፤ ጀልባውን እንዴት ወደ ውኃ አወርደዋለሁ፣ ማታስ እንዴት አወጣዋለሁ የሚል። የሕንድ ውቅያኖስ ዓሣ አጥማጅ በግንድ ላይ እያንከባለለ ያወጣል። ሸራ ያላት ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ የገዛ አውሮፓዊ ጎማ ባለው ጋሪ በአሸዋው ላይ ይገፋታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የከበደው፣ ከሁሉም በላይ በብልኃት የተፈታውም፣ በጣና ሐይቅ ላይ ነው። የጣና ታንኳ በየቀኑ ከውኃ ካልወጣ የሚሞት ጀልባ ነውና።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ አገዳው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ሆዱ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ተክል ነው። የጥንት ግብጻውያን ወረቀት የሠሩበት ፓፒረስ ማለት ይኸው ነው። ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። ከላዩ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብበታል፤ ቀዛፊውም ጭነቱም የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ምስማር የለው፣ ሬንጅ የለው፣ ሸራ የለው። የሚነዳው በረጅም ዘንግ ነው፤ ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት መሬቱን እየገፉ፣ ጥልቅ በሆነበት ግራ ቀኝ እየቀዘፉ።

የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት ስለተደፈነ ነው። ታንኳ ግን ውኃን አይከለክልም። ውኃው በነዶዎቹ መሐል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳውን ከላይ የሚያቆየው በአገዳዎቹ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ታንኳ ተቀዶ አይሰምጥም፤ ድንጋይ ቢመታው አይሰበርም። ድክመቱ ሌላ ነው። ውኃ ላይ በቆየ መጠን አገዳው ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ አየሩ ይለቃል፤ ታንኳው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይቀመጣል። ጠዋት አንድ ሰው ጫፉን ይዞ እየጎተተ ወደ ውኃ ያወረደው ታንኳ ማታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ።

በዚህ ምክንያት የታንኳ ሥራ ቅዝፊያ ሲያልቅ አያልቅም። ቀዛፊው እንጨቱን ወይም ዓሣውን ካራገፈ በኋላ ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትተዋል፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ያዘነብለዋል፤ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ያስደግፈዋል ወይም ይዘረጋዋል። ክረምት ሲሆን ፀሐይ ስለማይበቃ ዕድሜው ያጥራል። በደንብ ቢያዝ እንኳ ታንኳ የጥቂት ወራት ዕቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ደንገል ታጭዶ አዲስ ይታሰራል። ሰው በታንኳ ላይ ሲያስብ መቅዘፊያውን ያስባል እንጂ ይህን የማታውን ጉተታ አያስብም። ታንኳን በሕይወት የሚያቆየው ግን ጉተታው ነው።

ከዚህ የሚከተል ቀላል ሒሳብ አለ። ታንኳ ያለው ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የደንገል ማጨጃ ረግረግ፣ ማሰር የሚያውቅ እጅ፣ እና ታንኳው የሚያድርበት መሬት። ሐይቁን ማንም አይከለክለውም። መሬቱን ግን ይከለክሉታል። የታንኳ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሦስተኛው ነገር ነው።

መሬቱ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ለማየት ወደ ደሴቶቹ መሄድ ይበቃል። ጣና ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ገዳማት የተመሠረቱባቸው ናቸው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም አርፏል። ጦርነት በመጣ ቁጥር መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ እነዚህ ደሴቶች ይሸሹ ነበር። ለምን? ሐይቁ እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ሆኖ አይደለም፤ ጥልቀቱም ቢበዛ ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱ ታንኳዎቹ የትኛው ዳር ላይ እንዳሉ ነው። ታንኳዎቹ በደሴቱ በኩል ተጎትተው ከወጡ ሐይቁ ግንብ ይሆናል፤ በየብሱ በኩል ካደሩ ግን መንገድ ነው። በፈረስና በጦር የሚመካ ሠራዊት ዳር ላይ ደርሶ የሚያጣው ነገር ይህ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ስለ ጣና ሲጽፉ የሸምበቆ ታንኳን ሳይጠቅሱ ያላለፉት ያለ ነገር አይደለም።

ይህን ሚዛን በራሳቸው መንገድ ሊቀይሩ የሞከሩ አንድ ንጉሥ አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ በሰፈሩ ጊዜ የእንፋሎት መርከብ ነገር አሳስቧቸዋል። በእጃቸው ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ የሆነው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ የጻፈው ትረካ ይህንኑ ሙከራ ይገልጻል። ንጉሡ እንፋሎት ቢያጡም ሐሳቡን አልተዉም፤ የሀገሩን ደንገል ወስደው ከተለመደው ታንኳ እጅግ የገዘፉ ጀልባዎች አሠሩ፤ በጎናቸው በሰው እጅ የሚሽከረከር መዘውር አስገጠሙ። ሙከራው ተደረገ፤ ጀልባዎቹ ግን የጣና መርከብ ሆነው አልቀሩም። ክረምቱ ሲገባ ኮሌራ በሰፈሩ ገባ፤ ሠራዊቱም ወደ ደብረ ታቦር ተነሳ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሙከራ እንደ ቅዠት ያልፉታል። ፍትሐዊ አይደለም። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ያለውን ማቴሪያል ከአዲስ አሠራር ጋር ማጋባት ነውና። ችግሩ ደንገል የራሱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። ደንገል የሚያገለግለው ትንሽ ሲሆን፣ ሰው አንስቶ ሊያደርቀው ሲችል ነው። መርከብ የሚያክል የደንገል ክምር ማታ ማታ ማን ጎትቶ ያወጣዋል? ካልወጣ ደግሞ በየቀኑ ይከብዳል። እኚህ ንጉሥ ከዚያ በኋላ ከ1867 መጨረሻ ጀምሮ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በተራራና በገደል አስጎትተው ያደረሱ ሰው ናቸው። የጉተታ አቅም አላነሳቸውም። መድፍ ግን አንዴ ይጎተታል፤ ታንኳ በየማታው ነው።

ከ100 ዓመት በኋላ የጣና ደንገል ሌላ ጉዞ ወጣ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በፓፒረስ ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ግብጽ ውስጥ ፓፒረስ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ ዓይኑን ወደ ጣና ጣለ። 12 ቶን የሚሆን ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ፣ በመርከብ ወደ ስዊዝ ተሻገረ። በ1969 በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ውኃ በሌለበት አሸዋ ላይ፣ 15 ሜትር ርዝመት ያላት «ራ» የምትባል ጀልባ ታሰረች። ጀልባዋን ከአሸዋው ለማውጣት በመቶዎች የሚቆጠሩ ግብጻውያን ተማሪዎች በገመድ ጎተቷት። ከዚያ ወደ ሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተጭና ሄደች፤ በግንቦት መጨረሻ ሸራዋን ዘርግታ ወጣች። የጣና ደንገል ሸራ የተሰቀለበት ያኔ ነው።

ባለሙያ የተባሉ ሰዎች ደንገል በባሕር ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ብለው ነበር። «ራ» ከ50 ቀን በላይ ቆየች፤ ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። የጎዳት ጅራቷ ነው። አሳሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ጀልባ ፊቱ ቀና ይላል እንጂ ኋላው የተቆረጠ ነው። በጥንታዊት ግብጽ ሥዕል ላይ ያለው ወደ ላይ የታጠፈ ጅራት ለእነሱ እንግዳ ስለነበረ እንደ ተጨማሪ ተቀጠለ። ጅራቱን ከመርከቡ ወለል ጋር ወጥሮ የሚይዘው ገመድም ጥቅሙ በጊዜው ስላልታወቀ ተተወ። ጅራቱ እየሰመጠ፣ ደንገሉ እየጠጣ ሄደ። አውጥቶ የሚያደርቅበት ዳር ደግሞ በአትላንቲክ መሐል የለም። መርከበኞቹ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ትተዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት 12 ሜትር የሆነችው «ራ 2» በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ አሳሪዎች ተሠርታ፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ጣሪያ ሥር፣ ደርቃ፣ ተቀምጣለች።

ዓለም የቻድን አሳሪዎች በስም ያውቃቸዋል፤ የቲቲካካዎቹንም እንዲሁ። ደንገሉን ያጨደው፣ የመረጠው፣ ያደረቀው የጣና እጅ ግን «ከኢትዮጵያ የመጣ ፓፒረስ» በሚል ሐረግ ውስጥ ቀርቷል። ይህ በውጭ ሰው ብቻ የሚሳበብ አይደለም። እዚህም ያው ነው።

በጣና ዙሪያ ታንኳን በማሰር ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሳው ወይጦዎች ናቸው። በጥንት ጊዜ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ደንገል ያጭዳሉ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ በአካባቢው በነበረ ጊዜ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በሚል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ይጸየፋቸው ነበር፤ ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ቢጠሩም መስጊድ አብሯቸው ለመቆም የሚያንገራግር ነበር። ማዕድ የማይጋራቸው ሰው ግን በታሰረላቸው ታንኳ ይሻገር፣ ታቦቱንም በእሱ ያሻግር ነበር። የዘጌ ቡናና እንጨት ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው በታንኳ ነበር። ከተማዋ ስትመሠረት ማገዶዋ የመጣው በዚያ ነው።

ወይጦ መሬት አልነበረውም። እርሻ የለው፣ ርስት የለው። ያለው ዳርቻ ነበር፤ በውኃውና በገበሬው ማሳ መሐል ያለ፣ ክረምት የሚውጠው በጋ የሚመልሰው ጠባብ መሬት። ማንም የኔ ነው ስለማይለው ለታንኳ ይበቃ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የለወጠው ይህንን ነው። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 ፖሊቴክኒኩ፣ በ1964 የጢስ ዐባይ ኃይል ማመንጫ ተከታትለው ሲመጡ ባሕር ዳር መንደር መሆኗ ቀረ። የሐይቅ ዳር መሬት ዋጋ አወጣ። ዋጋ ያወጣ መሬት ባለቤት ያገኛል፤ ባለቤት ያገኘ ዳርቻ አጥር ያገኛል። የወይጦ መንደሮች እየተገፉ ወደ ጥግ ሄዱ።

ከዚያ ደግሞ ዳርቻው ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። በ1996 ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ተጨማሪ በሮች ገቡለት፤ የጢስ ዐባይ ሁለተኛው ማመንጫም ያኔ ሥራ ጀመረ። ሐይቁ በዝናብና በፀሐይ ብቻ ሳይሆን በመብራት ፍላጎትም ከፍ ዝቅ የሚል ሆነ። በ2003 ድርቁም ተጨምሮበት የሐይቁ ወለል እጅግ ወረደ፤ የሐይቁ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ የደንገል ረግረግ ደረቀ፤ ውኃው በሸሸበት የሐይቅ ወለል ላይ ገበሬ አርሶ ዘራ። እስቲ ይህን ከታንኳ ባለቤቱ በኩል እንየው። ትናንት አሥር እርምጃ የነበረው ጉተታ ዛሬ በጭቃ ላይ መቶ እርምጃ ሆነ። የሚያድርበት መሬት የታረሰ ማሳ ሆነ። ለመጪው ታንኳ የሚያጭደው ደንገል ቆሞ ደረቀ። ትልቁ መርከብ ስለቆመ ሪፖርት ተጻፈ፤ ታንኳው ስለቆመ የተቸገረ ግን ድምፁ ሩቅ አልሄደም። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ተመረቀ። መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ዳርቻው በአንድ ዓምድ መግባት ነበረበት።

በ2011 እምቦጭ ታየ። የእምቦጭን ጥፋት የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ እዚህ ላይ መዘርዘር አያሻም፤ አንድ ነገር ብቻ። እምቦጭ በጅምላ የሚሰፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው፤ ያ ማለት ደንገል የሚበቅልበትና ታንኳ የሚወጣበት ቦታ ላይ። ሞተር ያለው ጀልባ ሌላ ወደብ ይፈልጋል። ታንኳ አይችልም።

የሞተር ጀልባ ነገር ከተነሳ፣ ታንኳ ጊዜው አልፎበታል የሚለው ክርክር በቁም ነገር መታየት አለበት። በ1986 በሆላንዳውያን ድጋፍ የተጀመረው የጣና ዓሣ ሀብት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ፤ ምርቱ ጨመረ። ታንኳ በማዕበል ሰው ይገለብጣል፤ ቀርፋፋ ነው፤ በጥቂት ወር ያረጃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ታንኳን እንደ ቅርስ ብቻ አድንቆ ለቱሪስት ፎቶ ማስቀመጥ የቀዛፊውን ድካም መናቅ ነው። ነገር ግን ታንኳ ነዳጅ አይጠጣም፤ መለዋወጫ ከውጭ አይጠብቅም፤ ብድር አይፈልግም። ወርቅ የሚያክል ዶላር በሚጠፋበት ዘመን ድሃ ሰው ጠዋት ተነስቶ በራሱ ጉልበት የሚሠራው ጀልባ ሌላ የለም። የሞተር ጀልባ መግዛት የሚችለው ይግዛ። የማይችለው ታንኳውን የሚተወው የተሻለ ስላገኘ ነው ወይስ የሚያወጣበት መሬት ስላጣ? በመሻሻልና በመፈናቀል መሐል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዘገበ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዳርቻ ለዓለም መርከቦች የሚሠሩ ማሪን ኢንጂነሮችን የሚያሠለጥን ተቋም አለው። በተመሳሳይ ከተማ፣ በተመሳሳይ ውኃ ዳር፣ ከታንኳ ጋር በጣም የተራራቀና በጣም የተቀራረበ ትምህርት ይሰጣል ማለት ነው። የተንሳፋፊነት ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ዲፕሎማ ያለው መሆኑ ነው። የወይጦን አሳሪ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ነዶ እንዴት እንደሚመረጥ፣ የቱ አገዳ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ ጅራት እንዴት እንደሚወጠር ማስነገር የሚያስወጣው ወጪ የለም። ሄየርዳል ይህን ዕውቀት ፍለጋ ሦስት ሐይቅ ዞሯል።

መሬቱን በተመለከተ የሚጠየቀው ከዚህም ያነሰ ነው። የሐይቅ ዳር ፕላን ሲነደፍ ለመኪና ማቆሚያ ያለ ክርክር ቦታ ይወጣል። ለታንኳም በየመንደሩ ፊት፣ በካርታ ላይ ተሰምሮ፣ ለሊዝ የማይቀርብ መውጫ ይኑር። ሲሚንቶ አይፈስበት፤ የድንጋይ ግንብ አይቁምበት፤ ታንኳ የሚወጣው ቀስ ብሎ ወደ ውኃ በሚያዘቀዝቅ አፈር ላይ ነው። የዛፍ ጥላ ከሰዓት በኋላ አይጋርደው። አጠገቡ ያለው ደንገል በአንድ ጊዜ ሙልጭ ተደርጎ አይታጨድ፤ በየተራ ይሁን፤ ተራውን አሳሪዎቹ ያውቁታል። ስፋቱም ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እርጥብ ታንኳ ሲጎትት የሚያልፍበት ያህል፣ ከዚያም ሃያ ታንኳ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ፀሐይ የሚመታበት ያህል።